«ምንም አይልም» በቁጥር ሲጻፍ

አንዲት ሴት አለች፤ ሥራዋ አውቶብስ ማጋጨት ነው።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮዋ ትገባለች፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ሻይ ታስመጣለች፣ ከዚያ ተረጋግታ ትቀመጥና አውቶብስ ታጋጫለች። አንዱን ከግንብ ጋር ታላትመዋለች። አንዱን ከገልባጭ መኪና ጋር። አንዱን ደግሞ ከገደል አፋፍ ወስዳ ታንከባልለዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው አልሞተም፣ አንድ መስታወት አልረገፈም፤ ሁሉም የሚሆነው ኮምፒውተር ውስጥ ነዋ።

ስንዱ ትባላለች። መሐንዲስ ናት። የምትሠራው ሞጆ አጠገብ ባለ አንድ ቦዲ ቤት ነው። ቦዲ ቤት ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሞተርና ጎማ ብቻ ያለው ባዶ ሻንሲ ከውጭ ይመጣል፤ እነሱ ቱቦላሬ ብረት እየበየዱ፣ ላሜራ እያለበሱ፣ ወንበር እየገጠሙ አውቶብስ ያደርጉታል። እናንተ ስትሳፈሩ የምታዩት ቀለሙንና መጋረጃውን ነው። የሚያተርፋችሁ ግን ላሜራው ውስጥ የተደበቀው ብረት ነው።

እንግዲህ አውቶብሱ ቢገለበጥ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል ወይስ ይቆማል? ይሄን ለማወቅ አውቶብስ እየሠሩ ገደል መክተት አይቻልም። ስለዚህ ስንዱ አውቶብሱን ኮምፒውተሯ ውስጥ ትሠራዋለች። ብረቱን ከጥፍር በምታንስ ቁራጭ ትከፋፍለዋለች፣ ሦስት መቶ ሺህ ቁራጭ። ለእያንዳንዷም ልኳን ትነግራታለች፤ ይህን ያህል ትለጠጫለሽ፣ ከዚህ ካለፈ ትቀደጃለሽ ትላታለች። ከዚያ ግጭቱን ትለቀዋለች። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ቁራጭ «ቻልሽ ወይስ አልቻልሽም?» እያለ ይጠይቃል። ያልቻለችው ትጠፋለች፤ ሸክሟም ለጎረቤቷ ይተርፋል። ጎረቤቷም ካልቻለች ለሚቀጥለው ይሄዳል። ስንጥቅ የሚጓዘው እንደዚያ ነው። ዓይን እስኪጨፈን ለማይቆይ ግጭት ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ያሰላል።

ይገርማል አይደል? እኔ ስሰማ ገርሞኛል። ግን ይሄ ሁሉ ጥበብ አንድ የማያውቀው ነገር አለ። ብረቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ያለውን ጉድለት አያውቅም። ብየዳ መሃል አረፋ ይቀራል፣ ሳይያያዝ የቀረ ቦታ ይኖራል፣ ከላይ ግን አይታይም። ብረት ሲመታ የሚሰነጠቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ባዶ ሣጥን አለ፤ «ከመጀመሪያው ያለ ጉድለት፣ በሚሊሜትር» ይላል። እዚያ የሚጻፈውን ቁጥር በዚያ ቤት ያለ የትኛውም መሣሪያ አይነግራትም ነበር። ወርዳ የሠራውን ሰው መጠየቅ አለባት።

የሠራው ሰው ጋሽ ቱፋ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በይደዋል። በዚያ ቤት ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከእሳቸው የተማረ ነው። ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ግን ሥራቸው ላይ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው።

ሰኞ ከሰዓት ስንዱ ወርክሾፕ ወረደች። የተያዘው አውቶብስ ለአንድ ትምህርት ቤት ነው፣ አርባ ሁለት ልጅ የሚጭን። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ላይ ነው። ያንን መንገድና ያንን ጭጋግ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስንዱም ስለምታውቀው ነው ራሷ የወረደችው።

ጋሽ ቱፋ የጎን ምሰሶውን ከጣሪያው ማገር ጋር እየበየዱ ነበር። ከኋላቸው ቆማ ጠበቀች። ስትጠብቅ አንድ ነገር አየች። ጋሽ ቱፋ ኤሌክትሮዱን፣ ያችን የብየዳ ዘንግ፣ ወደ መገጣጠሚያው ሰደዱት፤ ሳተ፤ ከጎኑ ያለውን ብረት ጫረ። ደገሙት፤ አሁንም ሳተ። በሦስተኛው በግራ እጃቸው ጣት መገጣጠሚያውን ዳብሰው አገኙትና በጣታቸው ላይ አስደግፈው ጀመሩ። ሲበይዱም ቀጥ ብለው አያዩም፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ነው።

ብልጭታው ሲቆም ማስካቸውን ገልጠው ዞር አሉ።

«ይሄ ማነው? ኢንጂነር ነሽ? ምን ጠፍቶ ነው ከጭስ መሃል የተገኘሽው ልጄ?»

«እንዴት ዋሉ ጋሽ ቱፋ? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ይሄ የምሰሶው ብየዳ እንዴት ነው?»

ጓንት ባጠለቀ አውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «ምንም አይልም» አሏት።

«ውስጡስ? አረፋ፣ ያልተያያዘ ቦታ፣ ምናምን ይኖረው ይሆን?»

«ምንም አይልም አልኩሽ እኮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስበይድ ተፈታ ብሎ የመጣ ሰው የለም።»

ስንዱ አፏን ከፈተች። «ዓይንዎ» ልትል ነበር። ዙሪያዋን ስታይ እሳቸው ያስተማሯቸው አራት በያጆች ሥራቸውን አቁመው እየሰሙ ነው። ዋጠችው። ይሉኝታ ያዛት። አባቷ በሚሆን ሰው ላይ፣ በገዛ ተማሪዎቻቸው ፊት፣ «አያዩም እንዴ?» ይባላል? አይባልም። እኛ አገር እንዲህ አይባልም። «እግዚአብሔር ያበርታዎት» ብላ ወደ ቢሮዋ ወጣች።

አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ባዶው ሣጥን ይጠብቃታል። ያ ሣጥን ቁጥር እንጂ ቃል አይቀበልም። እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፣ «ምንም አይልም» በቁጥር ሲጻፍ ስንት ነው?

ዜሮ ነው። ዜሮ ብላ ጻፈች።

ስትጽፍ ልቧ ደስ አላለውም። «አላየሁም፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው» ብላ መማል አትችልም፤ አይታለች። ቢሆንም ጻፈችው። በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ኮምፒውተሩ ስሌቱን ጨርሷል። አውቶብሱ ተገልብጧል፣ ምሰሶው ጎብጧል፣ መገጣጠሚያው ጫና በዝቶበት ስክሪኑ ላይ ቀልቷል፣ ግን አልተቀደደም። ጣሪያው ከልጆቹ ራስ በላይ ቆሟል። ስንዱ «ያልፋል» ብላ ፈረመች። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። የነገሩትን ነው ያመነው።

የዚያ ቤት ደንብ ደግሞ አንድ ነገር ያዛል። አዲስ ዓይነት አውቶብስ ከመውጣቱ በፊት አንድ ክፈፍ፣ ማለት ሁለት ምሰሶና ማገራቸው፣ በእውነት ተመትቶ ይታያል። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ቱፋ የበየዱትን ክፈፍ ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አሠሩት። ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል በክሬን ሰቀሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ጋሽ ቱፋ ከሁሉ ኋላ፣ ማስካቸውን በብብታቸው ይዘው ቆሙ። ኃላፊው አቶ ምናሴ እጁን አነሣ፣ በርሜሉ ተለቀቀ።

ብረት ሲጎብጥ ያቃስታል። ያ ብረት አላቃሰተም። ጧ ብሎ ተከፈተ፣ ምሰሶው ካንዱ ወገን ከማገሩ ተለይቶ ተንጠለጠለ።

ስንዱ ቀርባ የተሰበረውን ፊት አየችው። አዲስ የተቀደደው ብረት ያበራል። መሃሉ ላይ ግን የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ዛሬ አልተሰበረም፣ ከመጀመሪያውም አልተያያዘም።

«ኮምፒውተርሽ ያልፋል ብሎ አልነበረም?» አለ አቶ ምናሴ።

«ብሏል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ማነው ይሄን የበየደው?»

ሠራተኛው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ማን እንደበየደው የማያውቅ አልነበረም። ስንዱ ጣቷን ብትቀስር ነገሩ እዚያው ያልቅላት ነበር፤ ፊርማዋም ይድናል፣ ስሟም ይድናል። በልቧ የሚመላለሰው ግን ያ ቁልቁለት ነው፤ ልጆቹ፣ የደብተር ቦርሳቸው፣ ጭጋጉ። ይሄ ክፈፍ ሳይመታ ሄዶ ቢሆንስ?

«ብየዳውን እናየዋለን አቶ ምናሴ» አለች። «ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሳልለካ ነው የጻፍኩት። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

አቶ ምናሴ ተቆጣ፣ መቆጣትም ነበረበት። ግን ሁለት ቀኑን ሰጣት።

ጋሽ ቱፋን ፈልጋ ከወርክሾፑ ጀርባ አገኘቻቸው። የቱቦላሬ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች። እንደ ሰኞው ቆማ አልጠየቀችም፣ ቁጭ አለች።

«ጋሽ ቱፋ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ምንም አይልም።»

እዚህ ጋ ስሙኝ ወገኖቼ። የታሪኩ አንጓ እዚህ ጋ ነው። ስንዱ አልተነሣችም። «እሺ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት» አላለችም። አልተከራከረችም፣ «አይቼዎታለሁ እኮ» ብላም አላፋጠጠቻቸውም። ዝም ብላ ቁጭ አለች። የሻይ ሰዓት ደወል ተደወለ፤ አልሄደችም። ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፤ አልሄደችም። ጋሽ ቱፋ ሁለት ጊዜ አዩዋት። ይህች ልጅ የምትሄድ አልመሰለችም።

«ግራው ሄዷል፣ ቀኙም እየደከመ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከመስቀል ወዲህ ነው። የማየው ነገር መሃሉ ላይ ጥቁር ነገር ይቆምበታል። ጫፍ ጫፉን አየዋለሁ፣ መሃሉን አላየውም። ብየዳ ደግሞ መሃሉ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን ልንገር? ለሚስቴም አልነገርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። በያጅ ዓይኔ ደከመ ካለ ምኑ ቀረ ልጄ? በእጄ እየዳበስኩ እወጣዋለሁ ብዬ ነው። ልጆች የሚጫኑበት መሆኑን ሳስበው እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ማርያምን። ጠዋት ስነሣ ደግሞ እንዴት አደርክ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ፣ ያልኩትን አምኜ እገባለሁ።» አንገታቸውን ደፉና አለቀሱ። የስልሳ ዓመት ሰው፣ በዘይትና በጥላሸት በጠቆረ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ስንዱም ጠጋ አለች። «እኔም ሰኞ አይቻለሁ» አለቻቸው። «ሁለት ጊዜ ሲስቱ አይቼ ነው ዝም ያልኩት። ላሳፍርዎ አልፈለግሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ቱፋ ተነሡ። ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ጠመኔ ጠየቁ። አውቶብሱ ውስጥ ገብተው ከመስቀል ወዲህ የበየዱትን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ እየዳበሱ፣ የተጠራጠሩበትን ምልክት አደረጉበት። «ይሄን ስበይድ ስቻለሁ። ይሄኛው ደህና ነው። ይሄን ግን ፍሪው።» አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ ምልክት አደረጉ። አንዱንም አልረሱም ነበር። እያንዳንዱን ልባቸው ውስጥ ይዘውት ኖረዋል። ያስተማሯቸው በያጆች ቆመው ያያሉ፣ እሳቸውም እያዩዋቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ያ አሥራ ዘጠኝ ምልክት ከሠላሳ አንድ ዓመቱ ሥራ ሁሉ የከበዳቸው ይመስለኛል።

ስንዱ ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱን አስቆርጣ ውስጡን ለካችው። ሰባት ሚሊሜትር፣ ዘጠኝ ሚሊሜትር። ያንን ሣጥን ከፍታ ዜሮውን አጠፋችውና የለካችውን ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት አሰላ። በማግስቱ ስትከፍተው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ምሰሶ ግቢ ውስጥ እንደተሰበረው ሆኖ ተሰብሯል፤ በዚያው ወገን፣ ከዚያው መገጣጠሚያ ተነሥቶ። ሲሰበር ስታይ ደስ አላት። እስከ አሁን የማታውቀውን በሽታ እየታገለች ነበር፣ አሁን አውቃዋለች። ከዚያ በኋላ መላ አይጠፋም። በየመገጣጠሚያው ጥግ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ ላሜራ አስገባች፤ አሥራ ዘጠኙን ሌሎቹ በያጆች ፈልቅቀው እንደ አዲስ በየዱት፤ ቅዳሜ ሌላ ክፈፍ ታሠረ፣ በርሜሉ ተሰቀለና ተለቀቀ። ክፈፉ አቃሰተ፣ ጎበጠ፣ ቆመ።

አውቶብሱ ዛሬ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። አርባ ሁለት ልጆች ይጫወቱበታል፣ ይጣሉበታል፣ ማስቲካቸውን ወንበሩ ላይ ይለጥፉበታል። ስለ ጋሽ ቱፋ አንዱም አያውቅም።

ጋሽ ቱፋስ? ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልዋሻችሁም። ሐኪሙ ግራ ዓይናቸው አይመለስም አላቸው። «ከብልጭታው ከራቁ ቀኙ ይተርፋል፤ ሦስት ወር ቢቆዩ ኖሮ እሱንም አናገኘውም ነበር» አላቸው። ማስካቸውን አስረከቡ። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ምሳ አልበሉም ይባላል። አሁን እዚያው ቤት አዲስ የሚገቡትን ያሠለጥናሉ፣ ግን በያጅ አይደሉም፣ ይሄም ያማቸዋል። እውነት መናገር ዋጋ አያስከፍልም ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። በአንድ ዓይናቸው ግን የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ትሸሻላችሁ?

ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬ በዚያ በቤተ ክርስቲያናችን በር ስትገቡ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ተብላችሁ «ምንም አይልም» ያላችሁ? ምንም አይልም። ቤቱ ከተኮራረፈ ሁለት ወሩ ነው፣ ምንም አይልም። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ምንም አይልም። ጸሎት እምቢ ካለ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፣ ምንም አይልም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር። እኛ ተረቱን ለልጆቻችን እናስተምራለን፣ በሽታውን ደግሞ እንደብቃለን።

«ሰው ላይ ሸክም እንዳልሆን ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ክፋት አይደለም። ግን ያቺን ትንሽ ቁራጭ አስቧት። ዝም ብላ ስትጠፋ ሸክሟ ወዴት ሄደ? ጎረቤቷ ላይ አይደለም የወደቀው? ያውም ሳትዘጋጅ፣ በቅጽበት። እናንተ ሳትናገሩ ብትሰበሩ ሚስታችሁ ላይ ነው፣ ልጃችሁ ላይ ነው፣ እናታችሁ ላይ ነው የምትወድቁት። እግዚአብሔር ስንጥቃችሁን ያውቀዋል፤ ከእናንተ ሰምቶ አይደለም። ከስንጥቃችሁ ጋር ነው የወደዳችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ግን አምላክ አይደለም። የነገራችሁትን ያምናል። ዜሮ ካላችሁት ዜሮ ብሎ ይጽፋል።

ደግሞ ለሚመልሱት ብቻ አይደለም የምናገረው። ለምንጠይቀው ነው። ለራሴ ነው። ባለፈው እሑድ በር ላይ ቆሜ እጃችሁን ስጨብጥ አንድ ወንድም ደረሰኝ። «እንዴት ነህ?» አልኩት፤ «ይመስገን» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አይቻለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበርና እጁን ለቅቄ የሚቀጥለውን እጅ ጨበጥኩ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግሁት ነው። በሚቀመጥበት ቦታ የለም። ከዚህ ስወርድ በቀጥታ ቤቱ ነው የምሄደው፣ ምሳ የጋበዛችሁኝ ይቅር በሉኝ።

እናንተ ደግሞ አሁን፣ እዚሁ፣ አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዙሩ። እጁን ያዙትና እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። «ይመስገን» ቢላችሁ አሜን በሉ፣ ምስጋና ነውር የለበትም። እጁን ግን አትልቀቁት። ሌላ ጥያቄ አትጨምሩ፣ ምክር አትስጡ፣ ሰዓታችሁን አትዩ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት። እኔም ማይኩን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።